አባት በአፋቸው «ቤቱ ለታላቁ» ካሉ፣ ቤቱ የታላቁ ይሆናል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ እህታችን በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«አባታችን ጥር ላይ አረፉ። የኖሩት ሞረትና ጅሩ ነው። ለሕክምና ደብረ ብርሃን መጥተው ታላቅ ወንድማችን ቤት ሳሉ ነው ያለፉት። እናታችን አለች። ከእሷ የተወለድነው አራት ነን። አባታችን ከጋብቻው በፊት ከሌላ ሴት የወለዷት አንድ እህትም አለችን። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር የሚከራይ ቤት አለ፤ አባትና እናታችን ከተጋቡ በኋላ የሠሩት ነው። ታላቃችን ‹በመጨረሻው ሰዓት በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ቤቱ ለአንተ ይሁን ብለውኛል› ይላል። የወራሽነት ማስረጃም ለብቻው አውጥቷል። ኪራዩን የሚሰበስበው እሱ ነው። የጅሩን መሬት ታናሽ ወንድማችን ያርሳል። እኔን ‹አንቺ ስትዳሪ ድርሻሽን ወስደሻል› ይሉኛል። ከወንድሞቼ ጋር ችሎት መቆም አልፈልግም። ግን እናቴ ከገዛ ቤቷ ኪራይ ጠይቃ ስትከለከል ማየት አልቻልኩም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሰሜን ሸዋ በጥብቅና ስሠራ ብዙ የውርስ ፋይል አይቻለሁ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ቅደም ተከተሉ ስለሚዛባ ነው። ሰው ገና ምን እንደሚካፈል ሳይለይ ስለ ድርሻ ይጣላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሥሩ ደግሞ አንቺ ራስሽ መጨረሻ ላይ ጠቀስ ያደረግሻት ቃል ናት፦ «ከገዛ ቤቷ»።

ልክ ነሽ። የገዛ ቤታቸው ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 የሚለው ይህንኑ ነው፤ የፌዴራሉም እንዲሁ። ካርታው በአባታችሁ ስም ብቻ ቢሆን ለውጥ የለውም። «የግሌ ነው» የሚል ወገን ካለ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ስለዚህ አባታችሁ ሲያርፉ ውርስ የሆነው ቤቱ ሙሉውን አይደለም። ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ትናንትም የእናታችሁ ነበር፤ ዛሬም የእሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም። ይህን የሰሙ ልጆች «እናታችን አትወርስም» ይሉና እናታቸውን ባዶ እጃቸውን ያስቀምጣሉ። አዎ፣ ኑዛዜ ካልተናዘዙላቸው በቀር አይወርሱም። ግን የራሳቸውን ግማሽ ለመውሰድ መውረስ አያስፈልጋቸውም። መጀመሪያ የእናት ድርሻ ይወጣል፤ የአባት ዕዳና የቀብር ወጪ ይከፈላል፤ የቀረው ነው ለልጆች የሚከፈለው።

ልጆችን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ግልጽ ነው። ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ የለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደችው እህታችሁም እኩል ናት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልጅነቷን በልደት ማስረጃ ወይም አባቷ እንደተቀበሏት በማሳየት ታረጋግጣለች። እባክሽ እሷን ከዝርዝሩ አታውጧት። ልጅ የተደበቀበት ክፍፍል ከዓመታት በኋላም ቢሆን ተመልሶ ሊፈርስ ይችላል። ደግሞም እህታችሁ ናት።

እንግዲህ እናስላው። ወራሾቹ አምስት ናችሁ። ቤቱ ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። 1.5 ሚሊዮኑ የእናታችሁ ነው። የቀረው 1.5 ሚሊዮን ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 300 ሺህ ይደርሳል። ታላቅ ወንድማችሁ «ሙሉው የኔ ነው» ከሚለው ቤት ሕጉ የሚሰጠው አንድ አሥረኛውን ነው። የእናታችሁ ድርሻ የእሱን አምስት እጥፍ ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈሽ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ብታሳዪ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይበርዳል። በተግባር አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ አባታችሁ የመጨረሻ ቃል እንምጣ። ይህ ከባዱ ቦታ ነው።

በኛ አገር የሟች ቃል ትልቅ ነገር ነው። የአባትን ቃል ያፈረሰ አይባረክም ይባላል። ወንድማችሁ የሚይዘው ይህንን ነው። አንቺ ደግሞ ምናልባት «ውሸቱን ነው፣ አባቴ እንዲህ አላሉም» ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ። እሱ ሁለት ሽማግሌ ያመጣል፤ አንቺ «አልተባለም» የሚል ምስክር ከየት ታመጫለሽ? ሽማግሌዎቹም ይቀየማሉ። ነገሩ ወደ መሐላ ይሄዳል። ከመሐላ በኋላ ደግሞ ቤተሰብ መልሶ አይገጥምም።

እኔ የምመክርሽ እዚያ ክርክር ውስጥ ጭራሽ እንዳትገቢ ነው። «አላሉም» ማለት አያስፈልግሽም። አባታችሁ ብለው ቢሆን እንኳ ቤቱ በዚያ ቃል አይተላለፍም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረግ፣ ሟቹ በእጁ ጽፎ የሚተወው እና የቃል ኑዛዜ። የቃል ኑዛዜ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ሕጉ ይቀበለዋል፤ ግን በጠባቡ ነው። በቁጥር 893 መሠረት በቃል ኑዛዜ ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚት፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። አዎ፣ አምስት መቶ ብር። ሕጉ የወጣው በ1952 ስለሆነ ገንዘቡ ያኔ ቁም ነገር ነበር። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ አንቺው ታውቂዋለሽ። ቤት ግን ያኔም አልተፈቀደም፤ ዛሬም አይፈቀድም።

ቤት የሚናዘዝ ሰው በጽሑፍ ነው የሚናዘዘው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጠቀስ አለበት፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሟቹ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ የተገለጸበት፣ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ነገ ጠዋት «ወረቀት ተገኘ» ከተባለ መጀመሪያ የምታይው እነዚህን ነው። ጠበቃ ጋርም ቶሎ ሂጂ፤ ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

«ኑዛዜ ሳይሆን ስጦታ ነው» የሚልም አይጠፋም። እሱም መንገድ አይከፍትም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ቁጥር 2443 ነው። ደግሞ አባት ሊሰጡ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ እንጂ የእናታችሁን አይደለም።

ስለዚህ ወንድምሽን ስታናግሪ እንዲህ በይው፦ «አባባ ብለው ይሆናል፤ አልዋሸህም። ግን ሕጉ በቃል ቤት አያስተላልፍም። የአባባን ቃል እናክብር ካልን ሁላችንም ከየድርሻችን ፈቅደን እናክብር። የእማማን ግን አንነካም።» ይህ አነጋገር ሽማግሌዎቹን አያስቀይምም። ወንድምሽንም ውሸታም አያሰኘውም። በሩን ክፍት ይተዋል። ከልጆቹ ውስጥ ድርሻውን በፈቃዱ ለወንድሙ የሚለቅ ካለ መብቱ ነው። ማንም ግን በግድ አያስለቅቀውም።

የወራሽነት ማስረጃውን በተመለከተ ብዙ አትደንግጪ። እሱ የቤት ባለቤትነት ወረቀት አይደለም። «ይህ ሰው የሟች ልጅና ወራሽ ነው» የሚል ማረጋገጫ ነው። ወንድምሽ ወራሽ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ «ብቸኛ ወራሽ» ተብሎ ከሆነ ነው። መጀመሪያ የውሳኔውን ግልባጭ አውጪና ምን እንደሚል አንብቢው። እናንተን ካስቀረ ማስረጃው እንዲሰረዝ ወይም እንዲስተካከል ለሰጠው ፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል። ሳትጠሩ የተሰጠ ውሳኔ መብታችሁን ከነካ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወምም ይቻላል። ከዚያ የአንቺም የሌሎቹም ስም ያለበት ማስረጃ ታወጫለሽ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ማስረጃ፣ የወላጆችሽ የጋብቻ ማስረጃ እና አባታችሁን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጉሻል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። አባታችሁ ደብረ ብርሃን ያረፉት ለሕክምና መጥተው ነው፤ መኖሪያቸው ጅሩ ነው። ስለዚህ የውርሱ ጉዳይ መታየት ያለበት በወረዳው ከተማ በእነዋሪ ባለው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው የሚል ክርክር አለሽ። ፋይሉ የት እንደተከፈተ ስታይ ይህንንም ለጠበቃሽ አንሺ።

ኪራዩስ? ኪራዩም እንደ ቤቱ ነው። ግማሹ የእናታችሁ፣ ግማሹ የውርሱ። ወንድምሽ ከጥር ጀምሮ የሰበሰበውን ማስረዳት አለበት። ተከራዮቹ ስንት እንደሚከፍሉና ለማን እንደሚከፍሉ በዝርዝር ጻፊ፤ ነገ እነሱ ምስክር ናቸው። ክስ ከተጀመረ ደግሞ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ኪራዩም በፍርድ ቤት ተይዞ እንዲቆይ ጊዜያዊ እግድ መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰማሽ ይህ የመጀመሪያ ሥራሽ ይሁን። ከተሸጠ በኋላ መከራከር አሥር እጥፍ ይከብዳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለቤቱ ነው። የጅሩ መሬት በሌላ ሕግ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ይጎዳል።

የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከ1967 አዋጅ ወዲህ ርስት የለም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይህ መብት ይወረሳል፤ ግን ለልጆች ሁሉ እኩል እየተሸነሸነ አይደለም። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ሚዛኑ በእርሻ ለሚተዳደር ወይም መተዳደር ለሚፈልግ ያደላል። ማሳው ከተወሰነ መጠን በታች እንዲቆራረጥም አይፈቀድም። እና እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ደብረ ብርሃን የምትኖሪ ከሆነ፣ ታናሽ ወንድምሽ ደግሞ እዚያው እያረሰ የሚኖር ከሆነ፣ በአባታችሁ የመሬት ድርሻ ላይ እሱ ከአንቺ የተሻለ መቆሚያ አለው። ይህን ቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል። ሊያሸንፍሽ በሚችል ክስ ላይ ጉልበት አትጨርሺ።

ግን ሁለት ነገር አትርሺ። አንደኛ፣ እናታችሁ። አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተር ክፈቺና እዪ። በክልላችን ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ስማቸው ካለ በመሬቱ ላይ ያላቸው መብት በባላቸው ሞት አይነካም። ታናሽ ወንድማችሁ የእናቱን ድርሻ እያረሰ ከሆነ ቢያንስ እንደ ሌላ አራሽ የእኩል ወይም የተስማሙበትን ያህል ያስገባላቸው። ዘንድሮ የዘራው አዝመራ የላቡ ነው፤ እሱን አትንኩበት። የእናቱን እህል ግን ጎተራቸው ድረስ ያድርስ።

ሁለተኛ፣ መሬቱ ላይ ያለው ንብረት መሬት አይደለም። ቆርቆሮ ቤቱ፣ ባህር ዛፉ፣ በሬው፣ በጉ፣ አባታችሁ ከማረፋቸው በፊት ጎተራ የገባው ጤፍና ስንዴ፣ ይህ ሁሉ ተራ ንብረት ነው። ከእናታችሁ ግማሽ በኋላ አምስታችሁም እኩል ትካፈሉታላችሁ። ጅሩ ውስጥ አንድ የሰባ ሰንጋ ስንት እንደሚያወጣ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ሰዎች በመሬቱ ሲጣሉ ከብቱም ባህር ዛፉም ሳይቆጠር ያልቃል። ስለዚህ አሁኑኑ ሁላችሁም ባላችሁበት ይቆጠር፤ ይጻፍ፤ ይፈረም።

የመሬት ክርክር ከሆነ ሕጉ ራሱ መጀመሪያ በስምምነት፣ ካልሆነም ተከራካሪዎቹ በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ ይገፋፋል። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴም ወሰኑን፣ ይዞታውን፣ ከ1989ኙ ድልድል ጀምሮ ማን ምን እንደያዘ ያውቃል። እነሱን አትዝለያቸው።

«ስትዳሪ ወስደሻል» ላሉሽ መልሱ አጭር ነው። ያገባች ሴት ከውርስ ትወጣለች የሚል ሕግ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደሆኑ ይናገራል። ወላጅ በሕይወቱ ለልጅ የሰጠው ስጦታ በክፍፍል ጊዜ ይታሰብ የሚባልበት መንገድ አለ። ከታሰበ ግን ለሁሉም ነው። ለአንቺ ሰርግ የተሰጠችው ላም ከተቆጠረች፣ ለወንድሞችሽ የተሰጠው በሬና ጥሪትም ይቆጠራል። ይህን ስትያቸው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ይተዉታል።

ችሎት መቆም አልፈልግም ብለሻል። እኔም አልገፋሽም። መንዝ ውስጥ የያዝኩት አንድ ጉዳይ አይረሳኝም። ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ጥማድ የገብስ መሬት ተካሰሱ። ክሱ ሲጓተት መሬቱ ሁለት ክረምት ጦሙን አደረ። እናትየው በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚበሉትን ገብስ ከገበያ ይሸምቱ ነበር። ጉዳዩን አሸንፈናል። ደንበኛዬ ፊት ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

ስለዚህ ሽምግልናውን ጀምሪ፤ ግን በሥርዓቱ ይሁን። የንስሐ አባታችሁን፣ ከእናት ወገን አንድ ሰው፣ ከአባት ወገን አንድ ሰው። «ቃሉን ሰምተናል» የሚሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች ምስክር ስለሆኑ ዳኛ ባይሆኑ ይመረጣል። እናታችሁና ከሌላ እናት የተወለደችው እህታችሁ የግድ ይገኙ። የተስማማችሁበት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የትኛው ንብረት ለማን፣ ስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ ኪራዩ እስከዚያ ለማን። ሁላችሁም ፈርሙ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። «ተስማምተናል፣ እግዜር ይመስገን» ብሎ በቃል መለያየት የዛሬን ጠብ ለልጆቻችሁ ማውረስ ነው። ፍርድ ቤት የተከፈተ ፋይል ካለ ደግሞ እርቁ እዚያው ይመዝገብ። የተመዘገበ እርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ለቤቱ ሦስት መውጫ አለ። አንዳችሁ የሌሎቹን ድርሻ ከፍሎ ማስቀረት። መሸጥና ገንዘቡን መካፈል። ወይም እናታችሁ በሕይወት እስካሉ በጋራ አቆይቶ ኪራዩን በየድርሻ መውሰድ። እኔ ለእናንተ ሦስተኛው ይታየኛል። እናታችሁ አንድ ግማሽ አላቸው፤ ለኑሯቸውም ኪራዩ ያስፈልጋቸዋል። ይዞታው ነባር፣ ማለትም ከሊዝ (ከመንግሥት መሬት በኪራይ ውል ከመያዝ) በፊት የተያዘ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም፤ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። ገዢዎች ይህን አስበው ዋጋ ያወርዳሉ።

ሽምግልናው ካልተሳካ፣ ማለትም ወንድምሽ አልመጣም ካለ ወይም መጥቶ «አይ» ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ እንዲሾም ትጠይቂያለሽ። አጣሪው ንብረቱን ይቆጥራል፤ ዕዳውን ይለያል፤ የእናታችሁን ድርሻ ያወጣል፤ ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱን መቃወም ትችላላችሁ። ከዚያ ክፍፍል ይታዘዛል። በዓይነት መካፈል ካልተቻለና ካልተስማማችሁ ንብረቱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፤ በሐራጅ ደግሞ ሁላችሁም ትከስራላችሁ። ይህን ለወንድምሽ በእርጋታ ማስረዳት ከማንኛውም ማስፈራሪያ ይበልጣል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ለእናታችሁ ከከበደ በደኃ ደንብ እንዲታይላቸው ማመልከት ይችላሉ።

ጊዜውንም አትዘንጊ። ያለ በቂ መብት ውርስ በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት መብትሽንና መያዙን ካወቅሽ በሦስት ዓመት ይታገዳል። ወንድምሽ ራሱ ወራሽ ስለሆነ ክርክሩ በዚያ ብቻ አያልቅም። ቢሆንም ለይርጋ፣ ማለትም «ጊዜው አልፏል» ለሚል ክርክር በር አትክፈቺ። ገና ዘጠኝ ወር ነው፤ በቂ ጊዜ አለሽ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እነዋሪ ውረጂ። ከእናትሽ ጋር ቁጭ በይና አረንጓዴውን ደብተር አይታችሁ ፎቶ አንሺው። የቤቱ ካርታ በማን እጅ እንዳለ ጠይቂ፤ ቅጂውን ያዢ። በጎተራው ያለውን፣ በበረቱ ያለውን፣ የባህር ዛፉን ብዛት እዚያው ከታናሽ ወንድምሽ ጋር ቁጠሩ። እሱን አብረሽው ካስቆጠርሽ፣ የመሬቱንም እውነት ደብቀሽ ካላስቀየምሽው፣ ለሽምግልናው ከጎንሽ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከታላቁ ጋር የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አዝመራው ሳይነሳ።